አንድ ተራ ያለው ንጉሥ

በሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ አንድ አጫዋች ነበር። አጫዋች የምለው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ የሚመራውን ሰው ነው፦ አገሩን የሚፈጥር፣ ዝናቡን የሚያዘንብ፣ ከተጫዋቾቹ ጀግኖች በቀር በታሪኩ ውስጥ ያለውን ፍጡር ሁሉ ሆኖ የሚናገር። ተጫዋቾቹ አምስት ነበሩ። አንዷ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱ ጋሼ አሉ። ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ይጨመራሉ። በረዶው መንገድ ሲዘጋ በአጫዋቹ ቤዝመንት ይሰበሰባሉ። ሻይ ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተገልጦ ጨዋታው በአማርኛ ይቀጥላል፤ ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ሲወረወር ብቻ ሁሉም ዝም ይላል።

ታሪካቸው ፀሐይ ስለማትጠልቅበት አገር ነበር። የጀንበር ንጉሥ የሚባል ገዥ ፀሐይን ከምዕራብ ተራሮች አናት ላይ አስሮ አቁሟታል። እህሉ ከነአገዳው ይቃጠላል፣ ጉድጓዱ ይደርቃል፣ ሕፃናት እንቅልፍ አጥተው ይነጫነጫሉ፣ አውራ ዶሮ መቼ እንደሚጮህ ጠፍቶበታል። አምስቱ ጀግኖች ለሦስት ዓመት፣ በየበረዶው ወራት፣ ያን ንጉሥ ፍለጋ ተራራ ወጡ፣ ወንዝ ተሻገሩ፣ ከሽፍታ ተዋጉ። በመጨረሻም ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ደረሱ፤ የቀረው የመጨረሻው ፍልሚያ ብቻ ሆነ።

አጫዋቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲጽፍ ሰነበተ። ለንጉሡ 600 የሕይወት ነጥብ ሰጠው። ሰይፍ የማይበሳው ጥሩር አለበሰው። ከሁለቱም እጆቹ እሳት እንዲተፋ አደረገ። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ሥራዬ አለቀ ብሎ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረ እንቅልፍ ወሰደው። ቀና ሲል ንጉሡ ዘውዱን ደፍቶ በታናሹ ወንድም ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ጃንሆይ!» አለ አጫዋቹ፣ ደንግጦ እየተነሳ።

«ተቀመጥ። የምሞተው እኔ ነኝ፤ አንተን ምን ያስደነግጥሃል? በል የጻፍከውን አንብብልኝ።»

አነበበለት። ንጉሡ አገጩን ይዞ ጨርሶ ሰማ።

«ስንት ሆነው ነው የሚመጡብኝ?»

«አምስት።»

«እኔስ?»

«ጃንሆይ ብቻዎን ነዎት።»

«እንግዲያው በአንድ ዙር እነሱ አምስት ጊዜ ይመታሉ፣ እኔ አንድ ጊዜ። ያቺ ተማሪ ገና ስንጀምር የማደንዘዣ ድግምቷን ትጥልብኛለች። ከያዘኝ እሷኑ አንዷን ተራዬንም ተነጠቅሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ደረቅ ግንድ ቆሜ እየተቀባበሉ ይፈልጡኛል።»

«ለዚህ እኮ ነው ስድስት መቶ ነጥብ የሰጠሁዎት።»

«ሞቴን አስረዘምከው እንጂ አላከበድከውም። አሥረኛው ዙር ላይ ጋሼ ስልካቸውን ያወጣሉ። የምንዋጋውስ የት ነው?»

«በዙፋኑ አዳራሽ።»

«በአዳራሹ ውስጥ ምን አለ?»

«ዙፋን።»

ንጉሡ ራሱን ነቀነቀ። «ለመሆኑ ያውቁኛል?»

«ስምዎን ያልሰማ ማን አለ?»

«ድምፄን የሰማ አለ? ፊቴን ያየስ? ከእኔና ከዚያ በቅሏቸውን ከወሰደባቸው ኬላ ጠባቂ ይበልጥ የሚጠሉት ማንን ነው?»

አጫዋቹ አንገቱን ደፋ። ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ የወንዝ መሻገሪያ ላይ፣ አንድ ኬላ ጠባቂ ቀረጥ አልከፈላችሁም ብሎ የወንድማማቾቹን በቅሎ ወስዶ ነበር። ሰውየውን አጫዋቹ የፈጠረው እዚያው ተቀምጦ፣ ጨዋታው እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ነው፤ ስም እንኳ አላወጣለትም። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ወንድማማቾች የገቡበት ከተማ ሁሉ ስለዚያ ሰው ሳይጠይቁ አልወጡም።

«ኬላ ጠባቂውን» አለ።

«አየህ። እኔ ዘንድ የሚመጡት ወሬ ሰምተው ነው። እሱን የሚፈልጉት ግን ተበድለው ነው። ቆይ፣ ፀሐይን ያቆምኳት ለምንድን ነው?»

«ክፉ ስለሆኑ ነዋ።»

«ጠዋት ተነስቶ ‹ዛሬ ክፉ ልሁን› ብሎ ፊቱን የሚታጠብ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እህል አቃጥዬ፣ ውኃ አድርቄ፣ የገዛ ሕዝቤን እንቅልፍ የነሳሁት አንድ የፈለግሁት ነገር ቢኖር ነው። እሱን ካልነገርከኝ ዙፋኑ ላይ አልቀመጥልህም።»

አጫዋቹ መልስ አልነበረውም። እስክሪብቶውን አንስቶ አዲስ ገጽ ሊጀምር ሲል ንጉሡ እጁን ያዘው። «ወደፊት አትጻፍ። ወደ ኋላ አንብብ።»

ገጽ በገጽ ወደ ኋላ ሄደ። የሽፍቶቹ ዋሻ፣ የተቃጠለው ወፍጮ፣ ኬላው። ከሁሉም በፊት፣ የመጀመሪያው ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ሁለት መስመሮች አገኘ። የሲስተር ጀግና በአንድ ከተማ በር ላይ ለተቀመጠች ሕመምተኛ ልጅ የውኃ ቅሏን ሰጥታለች። ስሟን ስትጠይቃት ልጅቷ አስላ ዝም ብላለች። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳትም።

ንጉሡ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። «ይህች የማን ልጅ ናት?»

አጫዋቹ ንጉሡን አየ፣ ደብተሩን አየ። «የእርስዎ» አለ።

«ስለ ሕመሟ ምን ተባለ?»

«ሐኪሞቹ ‹ፀሐይ ከጠለቀች አትተርፍም› ብለዋል።»

ንጉሡ ከወንበሩ ተነሳ። «አሁን የምዋጋለት ነገር አገኘሁ። አንድ የመጨረሻ ቃል ልንገርህ። ባሸንፍም ብሸነፍም እጅህን በስውር አታስገባ። የቀረኝን ነጥብ ደብቀህ ብትቀንስላቸው ያውቁብሃል። ‹አክተር አይሞትም› ሲባል እየሰሙ በቪዲዮ ቤት ያደጉ ሰዎች ናቸው።»

አጫዋቹ ሲነቃ ፍልሚያውን ለሌላ ቅዳሜ አስተላለፈው፤ ቅር ያላቸውን በተጨማሪ ቆሎ ሸነገላቸው። በፍልሚያው ፋንታ በዚያው ዕለት ጀግኖቹ እሳት አንድደው ሲሞቁ አንድ ሰው ያለ ዘበኛ፣ ያለ ጋሻ ወደ እነሱ መጣ። ከኋላው በቅሎ ይስባል። ወንድማማቾቹ በቅሏቸውን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። ንጉሡ እንጀራ ጠየቀ፣ ሰጡት፣ በላ። ከዚያ ቆመና ፎከረ። አጫዋቹም ከወንበሩ ተነስቶ በቤዝመንቱ መሐል እየተንጎራደደ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን ገድሎ ማንን እንደማረ ደረደረ። በፉከራው መሐል አምስቱንም ጀግኖች በየስማቸው ጠራ፣ እያንዳንዳቸው የሠሩትን ቆጠረ፣ የሲስተርንም ቅል ሳይረሳ። «በቅሏችሁን መልሻለሁ። ወርቅ ብትሉ እሰጣለሁ፣ ግዛት ብትሉ እከፍላለሁ። አንዲት ነገር ብቻ አልሰጥም» ብሎ ሄደ። ታናሽ ወንድም ፉከራውን ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ ነገር ግን በቅሎዋን ያመጣለትን ሰው እንዴት ብሎ ይሰድበዋል? ያን ሌሊት ቤታቸው የገቡት ክፉው ማን እንደሆነ እየተከራከሩ ነው።

ቀኑ ደረሰ። አጫዋቹ የንጉሡን ነጥብ በግማሽ ቀንሶ 300 አድርጎታል። በምትኩ በእነሱ ተራ መሐል እየገባ ሦስት ጊዜ ትንሽ ነገር እንዲያደርግ ፈቀደለት፦ አንድ እርምጃ፣ አንድ ምት፣ አንድ ትእዛዝ። በአዳራሹ ውስጥ ሰባት መስተዋቶች አቆመ፤ ፀሐይን አስረው የያዟት እነሱ ናቸው። አንዱ በተሰበረ ቁጥር ፀሐይ አንድ እርከን ትወርዳለች፣ ንጉሡ ይደክማል፤ ከዙፋኑ ጀርባ ካለው መጋረጃ ውስጥም ሳል ይሰማል።

የመጀመሪያውን ሳል ማንም ልብ አላለውም። ታላቅ ወንድም ሁለት መስተዋት በተከታታይ ሰበረና ጨፈረ። ተማሪዋ ድግምቷን ጣለች፤ ንጉሡ ተንገዳገደና ተላቀቀ። ታናሹ በእሳቱ ተመትቶ ወደቀ፣ ሲስተር ጎትታ አነሳችው። አራተኛው መስተዋት ሲሰበር ሳሉ በረታ። ያን ጊዜ ሲስተር «ቆይ፣ ማነው የሚያስለው?» አለች። አጫዋቹ አልመለሰላትም። ተራዋን ከመምታት ይልቅ ወደ መጋረጃው ሮጣ ገለጠችው። የውኃ ቅሏ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጧል።

ፍልሚያው አልቆመም፤ ንጉሡ አሁን በደንብ የሚዋጋው መጋረጃውን ለመጠበቅ ነበር። አምስተኛው ተሰበረ፣ ስድስተኛው ተሰበረ። አጫዋቹ ለንጉሡ ያማረ የኑዛዜ ቃል አዘጋጅቶለታል፤ ሰባተኛው መስተዋት ሲሰበር ሊናገረው። ዳሩ ግን ያን ምሽት ሁሉ ሲስቱ ያመሹት ጋሼ ዳይሱን ወረወሩ፣ መታ፤ ጉዳቱ ሲደመር ለንጉሡ ከቀረው ነጥብ በለጠ። አጫዋቹ ወረቀቱን አየ። ሃያ ነጥብ ቢጨምርለት ማንም አያውቅም። ኑዛዜው ደግሞ እንዴት ደክሞበት የጻፈው ነበር! እርሳሱን አስቀመጠ።

«ሞቷል» አለ።

ማንም እልል አላለም። ሰባተኛው መስተዋት አልተሰበረም፤ ፀሐይም ከተራራው ጫፍ ላይ ቆማለች። የሚከለክል ጠላት የለም። የሚሰብረው ግን ከመሐላቸው አንዱ መሆን አለበት። ታላቅ ወንድም ይሰበር አለ፤ ሦስት ዓመት የለፋነው ለዚህ አይደለም ወይ? ተማሪዋ በጭራሽ አለች። ጋሼ «ሕዝቡስ? እንቅልፍ ያጣው ሕዝብ ልጅ የለውም?» አሉ። ታናሹ ልጅቷን በበቅሎ ጭነን ፀሐይ ወደ ማትጠልቅበት አገር እንውሰዳት ሲል ሁሉም «እሱ እኮ ይህ አገር ነው» ብለው ጮኹበት። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ሲስተር ተናገረች።

«እኔ ሌሊት ነው የምሠራው። በሽተኛ ስለመሸ አይሞትም። የሚብስበት ብቻውን ሲያድር ነው። ስበሩት፤ እኔ አብሬያት አድራለሁ።»

ይህ በአጫዋቹ ደብተር ውስጥ አልነበረም። ጥቂት አሰበና የወደቀ ጀግና ከሞት ጋር የሚታገልበትን ደንብ አወጣ፦ ዳይሱ አሥርና ከዚያ በላይ ካሳየ መልካም፣ ከአሥር በታች ከሆነ ክፉ፤ ሦስት ክፉ ሳይሞላ ሦስት መልካም ከመጣ ለልጅቷ ይነጋላታል። መስተዋቱ ተሰበረ፣ ጨለማው ገባ። ሲስተር ወረወረች፦ 14። ተማሪዋ ኩራዝ አበራች። 6። ወንድማማቾቹ በበቅሎዋ ውኃ አመላለሱ። 3። ጋሼ፣ ንጉሡን የገደሉት፣ የንጉሡን ካባ አምጥተው አለበሷት። 17። ሁለት ለሁለት።

አምስተኛው ዳይስ ከጠረጴዛው ተንከባሎ ማሞቂያው ሥር ገባ። ታናሹ በሆዱ ተኝቶ አየና «ሃያ! ሃያ ነው!» ብሎ ጮኸ። ነገር ግን የቤቱ ደንብ ነው፤ መሬት የወደቀ ዳይስ አይቆጠርም። «ዛሬ ይቆጠር» አለ ታናሹ። አጫዋቹም ሊቆጥረው ዳድቶት ነበር። «አይቆጠርም» አለች ሲስተር፣ ዳይሱን ተቀብላ ዳግመኛ ወረወረች። 11።

ጋሼ በቤዝመንቱ ውስጥ እንደ አውራ ዶሮ ጮኹ። ላይኛው ፎቅ የተኛው ሰው ወለሉን በተረከዙ ደበደበ።

*

ምሳሌውን በአጭሩ ልፍታው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ንጉሡ ስለ ተራ ያነሳው ቅሬታ የቀልድ አይደለም። ይህ ጨዋታ በ1974 ከዊስኮንሲን፣ ከሌክ ጄኔቫ ሲወጣ ከሁለቱ ደራሲዎቹ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር፤ እሱም ብላክሙር የተባለውን ዓለሙን ቀደም ብሎ ሲያጫውት የቆየው እዚያው ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ አካባቢ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብቻውን የቆመ ትልቅ ጠላት ቶሎ መውደቁ የታወቀ ችግር ነው። በ1980 በወጣ መጽሐፍ የሸረሪቶቹ አምላክ ሎልዝ የነበራት የሕይወት ነጥብ 66 ብቻ ነው፤ የረጅም ዘመቻ ፍጻሜ የሆነች አምላክ በጥቂት ጥሩ ምቶች ልትወድቅ ትችላለች። የ2014ቱ አምስተኛ እትም ለዚህ የሚሆን መድኃኒት በደንቡ ውስጥ አስገባ። እንደ ዘንዶ ያሉ ታላላቅ ፍጥረታት በሌሎች ተራ መጨረሻ ላይ እየገቡ፣ በአንድ ዙር እስከ ሦስት ጊዜ፣ ተጨማሪ እርምጃ እንዲወስዱ ተፈቀደ። መኖሪያቸውም ራሱ እንዲዋጋ ሆነ፤ ግድግዳው ይናዳል፣ መሬቱ ይፈነዳል። ከያዛቸው ድግምትም በቀን እስከ ሦስት ጊዜ እንደፈለጉ እንዲያመልጡ ተደረገ። ደንቡ ጥሩ ነው፣ ንጉሡም የተጠቀመው በእሱው ዓይነት ነገር ነው። ግን ችግሩን በግማሽ ብቻ ነው የሚፈታው። አሥር ተራ ያለው፣ ምንም የማይፈልግ ንጉሥም እንዲሁ ይሰለቻል።

ሌላውን ግማሽ የፈቱት ትሬሲና ሎራ ሂክማን የተባሉ ባልና ሚስት ይመስሉኛል። ትሬሲ በአንድ ጨዋታ ላይ ያለ አንዳች ምክንያት ዋሻ ውስጥ የተቀመጠ ቫምፓየር ገጥሞት፣ ይህ ፍጡር እዚህ ምን ይሠራል ብሎ ሲብሰለሰል ነው ራቨንሎፍት የተጸነሰው። በ1983 የታተመው የዚህ መጽሐፍ ጠላት ስትራድ በመጨረሻው ክፍል የሚጠብቅ አውሬ አይደለም። የወንድሙን እጮኛ ተመኝቶ ወንድሙን የገደለ፣ ከዚያም ወዲህ ያቺኑ ሴት የሚፈልግ መስፍን ነው። ጀግኖቹን መንገድ ላይ ይገጥማቸዋል፣ ይፈትናቸዋል፣ ይመለሳል።

ልብ በሉ፣ ስትራድ የሚያሳዝን ሰው አይደለም። ክፉ ሁሉ የታመመች ልጅ ትኑረው ማለቴ አይደለም። አሁን አሁን ፋሽን ሆኖ እያንዳንዱ ጭራቅ የልጅነት ቁስሉን እየተረከ ያስቸግረናል። ኬላ ጠባቂው ምንም ቁስል አልነበረውም፤ በቅሎ ነው የፈለገው። ፍላጎትና ሰበብ ይለያያሉ። ለጠላት የሚያስፈልገው ተጫዋቾቹ በተራቸው ሊነጥቁት ወይም ሊሰጡት የሚችሉት ነገር ነው። መስተዋቶቹ የሠሩት በዚህ ነው። እያንዳንዱ ተራ ላይ ከመምታት ሌላ የሚመረጥ ነገር ነበር፣ ምርጫውም ዋጋ ነበረው። ሲስተር አንድ ምት ትታ ወደ መጋረጃው መሮጧ ጓደኞቿን አንድ ሰይፍ አጉድሎባቸዋል።

ራቨንሎፍት ላይ አንድ የምከራከርበት ነገር አለኝ። በዚያ መጽሐፍ ስትራድ ምን እንደሚፈልግና የት እንደሚገኝ በካርታ ጥንቆላ ይወሰናል፤ ስለዚህ ያንኑ ታሪክ ሁለት ጊዜ የተጫወተ ሰው ሁለት የተለያየ ስትራድ ሊገጥመው ይችላል። ብልሃቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን ካርታው ሲስተር ቅሏን ለማን እንደሰጠች አያውቅም። እኔ ብጠየቅ የጠላትን ፍላጎት ከደብተሩ የመጀመሪያ ገጾች ባወጣው እመርጣለሁ። ይህ ግን ደብተር የሚይዝ አጫዋች ይጠይቃል። በየቅዳሜው ማብቂያ ተጫዋቾቹ ሳይታዘዙ የራሩለትን፣ ያሾፉበትንና የተቀየሙትን ሰው ሁሉ በአንድ መስመር ማስፈር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዘንዶው የጥሩር ቁጥር በፊት መጻፍ ያለበትም እሱ ነው።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጥሩ ፍጻሜ የተበላሸው በዚህ ነውና። የመጨረሻውን ፍልሚያ ምሽቱ ሲጋመስ አትጀምሩት። ሰይፉ አንድ ሰዓት ከወሰደ ክርክሩ ሌላ ሰዓት ይወስዳል። ነገ ሥራ ያለበት ሰው ደግሞ እንቅልፉ ሲመጣ ሰባተኛውን መስተዋት ሳያስብበት ይሰብረዋል። ሰዎቹ ሳይደክሙ፣ ሻዩም ሳይቀዘቅዝ ከአዳራሹ በር ላይ ጀምሩ፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ባለፈው ቅዳሜ ይለቅ።